ቤቱ ሳይቆም ፍቅሩ እንዳይፈርስ!

ስለ ፍቅር የሚጽፉልን አሉ፤ ስለ ትዳር የሚጽፉልን አሉ፤ ስለ ኪሳቸው መሳሳት የሚያማርሩንም ሞልተዋል። የዛሬዋ ጠያቂያችን ግን ሦስቱንም በአንድ ፖስታ አሽጋ ነው የላከችልን። ደብዳቤው የመጣው ከሩቅ ነው፤ ከጋምቤላ ክልል፣ ከኢታንግ ልዩ ወረዳ፣ ከትየርኪዲ!

ትየርኪዲን የማታውቁ ብዙ ናችሁና ሁለት ቃል ልበል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ድንበር አቋርጠው ለገቡ ሰዎች በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የተከፈተ የስደተኞች ጣቢያ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኑዌሮች፣ ይኖሩበታል። ስደተኛው ብቻ አይደለም ታዲያ፤ መምህሩም፣ ነርሷም፣ ሾፌሩም፣ ነጋዴውም እንጀራውን ፍለጋ እዚያው ይውላል። ጠያቂያችን ከእነዚህ አንዷ ናት።

የ27 ዓመት ወጣት ነርስ ነች። እጮኛዋ ጋምቤላ ከተማ ይሠራል። ኢታንግ ከተማ ላይ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ቦታ አላቸው። ከሠርጋቸው በፊት ሁለት ክፍል ቤት ሊቀልሱበት ሦስት ዓመት ሙሉ ቆጥበዋል። ቤቱን ልሥራላችሁ ያለው የእጮኛዋ አብሮ አደግ የሆነ ግንበኛ ነው። «6 በ4 የጭቃ ቤት፣ ከነቆርቆሮው ከነሊሾው፣ በሁለት ወር ቁልፉን እጃችሁ ላይ አስቀምጣለሁ» አለና አንድ ድፍን ዋጋ ጠራ። ግማሹንም በቀብድ ጠየቀ። ሠራተኛውን ደግሞ «ከካምፑ በርካሽ እናመጣለን፤ አታስቡ» አላቸው።

እሷ ታዲያ «እስቲ ምኑ ምን ያህል እንደሆነ ዘርዝረህ ጻፍልን» ብትለው ሳቀባት። ሳቁስ ባልከፋ! እጮኛዋ ግን ቱግ አለ። «ጓደኛዬን ሌባ አደረግሽው፤ እኔንም አላመንሽኝም» ብሎ ካኮረፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። «ጥያቄዬ ጥፋት ነበር ወይ? ይቅርታ ጠይቄ ገንዘቡን ልስጥ? ወይስ እስከ መጨረሻው ልሟገት?» ትለናለች።

እህቴ፣ ሳላዞር ልመልስልሽ። አላጠፋሽም! ገንዘቡንም አሁን አትስጪ። ሙግቱን ግን ተይው፤ ሙግት ቆርቆሮ አይገዛም። ከሙግቱ ይልቅ ሜትርና ደብተር ያዢ።

ግንበኛው ሌባ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይሰመርልኝ። ብዙ ቤት በጅምር የሚቀረው በሌብነት ሳይሆን በስሌት ጉድለት ነው። ግንበኛው ሥራው እንዳያመልጠው አሳንሶ ይገምታል። ባለቤቱ ረከሰልኝ ብሎ እጁን ያነሳል። ግድግዳው ላይ ሲደረስ ብሩ እልም! «ጨምሩ» … «አንጨምርም» … ይመጣል። ግንበኛው ሌላ ሥራ ይይዛል፤ የቆመውን እንጨት ዝናብና ምስጥ ይከፋፈሉታል፤ አብሮ አደጎቹ ደግሞ በሽማግሌ ይፈላለጋሉ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይሉ የለ እናቶቻችን?

ስለዚህ የዛሬው ምክራችን አንድ ነው። ቤት በብር መገመት አይጀመርም። በመጀመሪያ ዕቃው በቁጥር ይቆጠራል፤ ቀጥሎ ሥራው በቀን ይቆጠራል፤ ብር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከኋላ ወደ ፊት የሄደ ሰው ገደል ይገባል።

ከጎጆው እንማር

እህቴ፣ የምትውይበት ጣቢያ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ጎጆ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ሰው ያድርበታል?» ነው። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር መጠለያ ያዛል። አምስት ቤተሰብ ከሆነ 17.5 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ከስፋቱ የግድግዳው ርዝመት ይወጣል፤ ከግድግዳው የእንጨቱ ቁጥር፣ የሣሩ ሸክም፣ የጭቃው መጠን። እዚያ ግምት ቀልድ አይደለም! በአንድ ጎጆ ላይ አንድ እንጨት ቢሳሳት በአሥር ሺህ ጎጆ ላይ አሥር ሺህ እንጨት ነው። እናንተ የምትሠሩት አንድ ቤት ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ያው ነው።

ቅርጹም ራሱ ዋጋ እንዳለው ልብ በሉ። ከዳር እስከ ዳር 5 ሜትር የሆነ ክብ ጎጆ ግድግዳው ዙሪያውን 15.7 ሜትር ነው፤ ወለሉ 19.6 ካሬ ይሆናል። በዚያው 15.7 ሜትር ግድግዳ አራት ማዕዘን ብትሠሩ ግን የምታገኙት ወለል ከ15 ካሬ ብዙም አያልፍም። አያት ቅድመ አያቶቻችን ክብ የሠሩት ለውበት ብቻ አልነበረም ማለት ነው! አራት ማዕዘንም ቢሆን ይለያያል። 6 በ4 ዙሪያው 20 ሜትር ነው፤ 8 በ3 ግን ወለሉ ያው 24 ካሬ ሆኖ ዙሪያው 22 ሜትር ይሆናል። የሁለት ሜትር ግድግዳ ብር በከንቱ! ግንበኛውን ከመጥራታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ቅርጹን ተነጋገሩበት።

ግድግዳውን እንቁጠር

ያንቺን 6 በ4 እንውሰድ። ዙሪያው 20 ሜትር፤ ክፍሎቹን የሚለየው የመሐል ግድግዳ 4 ሜትር፤ ድምሩ 24 ሜትር። ቁመቱ 2.70 ቢሆን 65 ካሬ ገደማ ይሆናል። ጣሪያው መሐል ላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ በሁለቱ ጎን የሚቀሩት ሦስት ማዕዘኖች 4 ካሬ ይጨምራሉ። ሁለት በርና ሁለት መስኮት ሲቀነስ 63 ካሬ ይተርፋል። ይቺን 63 በቀይ እስክሪብቶ ክበቢያት፤ ብዙ ነገር የሚወጣው ከእሷ ነው።

ቋሚ እንጨት በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ቢተከል ለ24 ሜትር 60 ቋሚ ያስፈልጋል፤ ለማዕዘኑና ለበሩ ጥቂት ጨምሪ። ማገሩ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ቢመታ 9 ረድፍ ነው። ከውስጥም ከውጭም ስለሚመታ 432 ሜትር ይሆናል። የምትገዙት ማገር 4 ሜትር ርዝመት ካለው 108 ማገር ማለት ነው። እንግዲህ «እንጨት ይህን ያህል ብር» የሚል ግንበኛ ሲመጣ «ስንት ቋሚ? ስንት ማገር? ስንት ሜትር?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልስ ካለው ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ መልስ ከሌለው አብራችሁ ትቆጥራላችሁ።

የብሎኬት ቤት ያማራችሁ ደግሞ ከዚያችው 63 ትነሳላችሁ። ባለ 40 በ20 ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ይገባል፤ ለ63 ካሬ 788 ነው። ሲጫን፣ ሲወርድ የሚሰበረውን ከመቶ አምስት ብትይዙ 830 ገደማ እዘዙ። በመጥፎ መንገድ የሚመጣ ከሆነ ስብራቱን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ።

ቆርቆሮ የሚያታልለው ብዙ ሰው ነው

እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ቤቱ 24 ካሬ ነው፤ 2 ሜትር በ90 ሳንቲ የሆነ ቆርቆሮ 1.8 ካሬ ነው፤ ስለዚህ 24 ሲካፈል ለ1.8 … 14 ቆርቆሮ ይበቃል! ብሎ የሚገዛ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ? ስህተት ነው። ጣሪያው ወለሉን አያህልም። ተዳፋት ነው፤ ከግድግዳውም ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ይወጣል። የ6 ሜትሩ ቤት ጣሪያ 7 ሜትር ይሆናል። አንዱ ተዳፋት ከአናቱ እስከ ጫፉ 2.80 ነው። ሁለቱ ተዳፋቶች ባንድ ላይ 39 ካሬ!

ደግሞም ቆርቆሮ ይደራረባል። ከጎን ሲደራረብ የሚሸፍነው 80 ሳንቲ ብቻ ቢሆን ለ7 ሜትር 9 ረድፍ ትፈልጋላችሁ። በቁመቱ 2.80ን ለመሸፈን፣ መደራረቢያው ተጨምሮ፣ አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ቆርቆሮ ይሄዳል። 9 ረድፍ በአንድ ተኩል፣ በሁለት ተዳፋት … 27 ቆርቆሮ። አንድ መጠባበቂያ ሲጨመር 28። የ14 እጥፍ ሆነ ወይስ አልሆነም? የቤት ግምት የሚፈርሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። የክፈፉን፣ የአናቱን ክዳንና ባለጎማ የቆርቆሮ ምስማሩንም አትርሱ። ቆርቆሮውን ስትገዙ ደግሞ ስፋቱን በሜትር ለኩ፤ ውፍረቱንም ጠይቁ። ስሱ ቆርቆሮ ረከሰ ብላችሁ ስትደሰቱ የቆላው ነፋስ ይዞት ይሄዳል።

«ኩንታል» ስትሉ የቱን ማለታችሁ ነው?

ሁለተኛው ወጥመድ ሲሚንቶ ነው። የሲሚንቶ ዋጋ ሲጠራ በኩንታል ነው፤ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ ከረጢቱ ግን 50 ኪሎ ነው። ግንበኛው «10 ይበቃል» ሲል 10 ኩንታል ማለቱ ነው ወይስ 10 ከረጢት? አንዱ የሌላው እጥፍ ነው! በወረቀት ላይ «ከረጢት፣ 50 ኪሎ» ተብሎ ይጻፍ።

ለናሙና ያህል የወለሉን እንይ። የውስጡ ወለል 20 ካሬ ቢሆንና 8 ሳንቲ ውፍረት ያለው አርማታ ቢፈስበት 1.6 ሜትር ኩብ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር ከሆነ 10 ከረጢት ገደማ ይበላል። አሸዋና ጠጠሩን ደግሞ «አንድ ቢያጆ» ተብሎ ብቻ አትቀበሉ። የየትኛው መኪና ቢያጆ? ስንት ሜትር ኩብ የሚጭነው? የአይሱዙውና የትልቁ ገልባጭ ቢያጆ ወንድማማቾች አይደሉም።

ማንም የማይጽፋቸው ወጪዎች

ውሃ! ጭቃ ያለ ውሃ አይቦካም። 63 ካሬ ግድግዳ በ15 ሳንቲ ውፍረት 9 ሜትር ኩብ ተኩል ጭቃ ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ 300 ሊትር ብትይዙ ከ140 ጀሪካን በላይ ሆነ። ሊሾውም ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣል፤ በዚያ ፀሐይ ካልጠጣ ይሰነጣጠቃል። ውሃ በጀሪካን የሚገዛ ከሆነ ይህ ራሱን የቻለ መስመር ነው።

ምስጥ! የቆላ ምስጥ ሠርግ አይጠብቅም። ወደ መሬት የሚገባው የእንጨት ጫፍ የተቃጠለ ዘይት መቀባት አለበት። ዘይቱም፣ የሚቀባው ሰው ቀኑም ይጻፍ።

መኪና! ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጋምቤላ ኢታንግ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ባህር ዛፉ ከደጋው የሚወርድ ከሆነም ኪራይ አለው። «አዲስ አበባ ላይ ርካሽ ነው» የሚላችሁ ሰው ዋጋውን ሳይሆን ኢታንግ ደርሶ የወረደበትን ዋጋ ይንገራችሁ። መጫኛና ማውረጃውም ይታከልበት።

የወረቀቱ ዕድሜ! ዋጋ ዛሬ የተጠራው ነገ ላይሠራ ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ ብረታ ብረት የሚገዛ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሦስት ሱቅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዞራችሁ ዋጋ ያዙ፤ ቀኑን ጻፉበት። ቁጥሩ አይለወጥም፤ ዋጋው ሲለወጥ ያንኑ ቁጥር በአዲስ ዋጋ ማባዛት ብቻ ነው። የመቁጠር ጥቅሙ ይሄም አይደል? በመጨረሻም ከጠቅላላው ከመቶ 15 መጠባበቂያ አስቀምጡ። መጠባበቂያ የሌለው ግምት ጎማ መቀየሪያ እንደሌለው መኪና ነው።

የሰው ጉልበትስ?

አሁን ወደ እጅ ዋጋ እንምጣ። እዚህም ያው ነው፤ መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። ምርጊቱን እንውሰድ። 63 ካሬ ከውስጥም ከውጭም 126 ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰነጣጠቁ ስለማይቀር ሁለተኛ ይደገማል። ድምሩ 252 ካሬ። አንድ ሠራተኛ በቀን 10 ካሬ ይመርጋል ቢባል 25 ቀን ገደማ ነው።

ነገር ግን ይህ የደጋ ሒሳብ ነው! ጋምቤላ ላይ የካቲትና መጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሰው የሚሠራው ማለዳ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ረፋድ ነው፤ ከዚያ ጥላ ፈልጎ ፀሐይ ሲበርድ ይመለሳል። ስለዚህ በቀን 7 ካሬ ብለሽ ያዢ። 252 ሲካፈል ለ7 … 36 የሥራ ቀን። ሁለት ሠራተኛ ከሆኑ 18 ቀን። እያንዳንዳቸው ጭቃ የሚያቀብል አንድ አንድ ረዳት ካላቸው ለምርጊቱ ብቻ 72 የሰው ቀን ትከፍላላችሁ። ይህን በአካባቢው የቀን ሒሳብ አባዢና ግንበኛው በቁርጥ ከጠየቀው ጋር አስተያዪው። በጣም ከበለጠ ቀንሺ በይው። በጣም ካነሰ ግን አትደሰቺ፤ ሥራውን ጥሎ የሚሄደው ያ ነው።

የሁለት ወሩም ነገር በዚሁ ይፈተናል። ቁፋሮና ቋሚ ተከላ አንድ ሳምንት፤ ጣሪያ አንድ ሳምንት፤ ምርጊት ሦስት ሳምንት፤ በሁለቱ ምርጊት መካከል ማድረቂያ ሁለት ሳምንት፤ ወለልና በር መስኮት አንድ ሳምንት፤ ሊሾው ውሃ የሚጠጣበት አንድ ሳምንት። ዘጠኝ ሳምንት! አንድም ቀን ሳይስተጓጎል ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ብላችሁ ያዙና በጊዜ ካለቀ እልል በሉ።

«ከካምፑ በርካሽ» ያለውን ነገር ግን አልወደድኩለትም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች በሕግ አግባብ ሠርተው እንዲኖሩ መብት ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ማሠራቱ ሳይሆን ርካሽ ማለቱ ነው ነውሩ። ጎጆውን በገዛ እጁ መርጎ የሚኖር ሰው ስለ ጭቃ ከከተማ ልጅ ይበልጥ ያውቃል። ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ጻፉለት። በተነጠቀ የቀን ሒሳብ ላይ የቆመ ግምት መጀመሪያ የሚያፈርሰው ሠራተኛው ራሱ ነው፤ በሦስተኛው ቀን የተሻለ የሚከፍል ካገኘ ይሄዳላ! የዘመድ ጉልበትም ነፃ አይደለም። በደቦ እንሥራ ብትሉ እንኳን ምሳውና መጠጡ፣ ዘመድም ከሥራው የቀረበት ቀን ይታሰብ።

ውሃ የት ድረስ መጥቶ ያውቃል?

ከአንድ ምስማር በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። በ2006 ክረምት እዚያው ጋምቤላ ክልል ውስጥ የሌይቾር የስደተኞች ጣቢያ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ነዋሪዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ጀዊ ወደሚባለው አዲስ ጣቢያ እንዲዛወሩ ተደረገ። እንጨቱ በትክክል ቢቆጠር፣ ጭቃው ቢያምር፣ ቦታው ከተሳሳተ ሁሉም ከንቱ ነው። ባሮ ሲሞላ ኢታንግን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። ሻይ ጋብዟቸውና «ውሃው እዚህ ደርሶ ያውቃል?» በሏቸው። የሻዩ ዋጋ ከግምታችሁ ሁሉ ርካሹ ነው።

ወለሉን በ40 ሳንቲ ከፍ ማድረግ ካስፈለገ 24 ካሬ በ0.40 … 9.6 ሜትር ኩብ አፈር ነው። 4 ወይም 5 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ ሁለት ቢያጆ መሆኑ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ ሦስት ያዙ። ዝናቡ ደግሞ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ኅዳር ላይ የጀመረ ሰው ጭቃው በፀሐይ ይደርቅለታል። ሚያዝያ ላይ የጀመረ ግን ከሰማይ ጋር እሽቅድምድም ይገጥማል፤ አሸናፊው ይታወቃል። ሠርጉን ከቤቱ ጋር ካላያያዝን ብላችሁ ክረምት ላይ እንዳትገቡ። ኪራይ ቤት ውስጥ የተጀመረ ትዳር ሞልቷል፤ በሚያፈስ ቤት የተጀመረ ግን ጭቅጭቁ ብዙ ነው።

ክፍያው በየደረጃው

ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፤ ለግንበኛው የእጅ ዋጋውን ብቻ ክፈሉ። ግማሽ ቀብድ የሚባል ነገር የለም! የእጅ ዋጋውን በአምስት ክፈሉት። ቋሚው ተተክሎ ሲያልቅ ከመቶ 20፤ ጣሪያው ሲከደን 25፤ የመጀመሪያው ምርጊት ሲያልቅ 20፤ ሁለተኛው ምርጊትና ወለሉ ሲያልቅ 25፤ የመጨረሻዋ 10 ደግሞ በሩ ሲዘጋ፣ መስኮቱ ሲከፈት፣ አንድ ዝናብ ወይም አንድ በርሜል ውሃ በጣሪያው ላይ ወርዶ ሳያፈስ ሲቀር። ለዕለት ጉርሱ የሚሆን ትንሽ ቀብድ ከጠየቀ ስጡት፤ ሰው ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ክፍያ ላይ ይቀነስ።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይስፈር። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ቀን፣ በስንት ደረጃ፣ ዕቃ ቢጎድል ማን እንደሚገዛ፣ የተበላሸ ሥራ ማን እንደሚያስተካክል። ምስክሮች ይፈርሙበት። የከተማው ማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድም አስቀድሞ ይያዝ፤ ቆሞ የፈረሰ ቤት በየትኛውም ግምት ውስጥ አይገባም። አንድ ነገር ደግሞ ለሁለታችሁ ብቻ። ከሠርግ በፊት የተያዘ ንብረት የያዘው ሰው የግል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቦታው በአንዳችሁ ስም ከሆነና ገንዘቡ የሁለታችሁ ከሆነ፣ ማን ስንት እንዳወጣ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ፍቅር ሲሞቅ የተጻፈ ወረቀት አያጣላም፤ ሲቀዘቅዝ የሚፈለግ ወረቀት ነው የሚያጣላው።

ኩርፊያውንስ እንዴት እናድርገው?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነበር፤ የጠየቅሽበት ቦታ ግን ወንድ ልጅን የሚያስከፋ ነው። በጓደኛው ፊት ነዋ! እጮኛሽ ያኮረፈው ስለ ቆርቆሮው አይመስለኝም፤ የወዳጁ ፊት ሲቀላ ስላየ ነው። ስለዚህ ስለ ጥያቄው ሳይሆን ስለ ቦታው «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅር በለኝ» ማለት አያሳንስሽም። ቀጥሎ «ና ሜትሩን አንተ ያዝ፣ እኔ ልጻፍ» በይው። ለሁለት ሰዓት ቦታው ላይ ውሉ። እሱ ይለካ፤ አንቺ ጻፊ። 27 ቆርቆሮ ብሎ ራሱ የቆጠረ ሰው 14 የሚል ግምት ሲመጣ ከአንቺ ቀድሞ ይነቃል። ያኔ እምነት ያጣሽው በእሱ ላይ እንዳልነበረ ይገባዋል።

ወረቀቱን ለግንበኛው የሚያሳየው ደግሞ እሱ ይሁን፤ ወዳጁ ነውና። «ወንድሜ፣ እኛ የቆጠርነው ይህን ነው፤ የጎደለውን ሙላልን» ይበለው። ይህ አነጋገር ማንንም ሌባ አያደርግም። ጥሩ ግንበኛ ከሆነ ይደሰታል፤ ዝርዝር እሱንም ይጠብቀዋል። ባለቤቶቹ መሐል ላይ «አንድ ክፍል ጨምርልን» ቢሉት ከውሉ ውጪ መሆኑን የሚያሳይበት ያ ወረቀት ነው። ቆጠራውን ጨርሶ እምቢ ካለ ግን … አብሮ አደግነቱ ይቀጥል፤ ሠርጋችሁ ላይም ይጨፍር፤ ቤቱን ግን ሌላ ይሥራው!

እጮኛሽ ሜትር ለመያዝም እምቢ ካለስ? ያ የቤት ግንባታ ጥያቄ አይደለም። አብሮ መቁጠር ያቃተው ሰው የልጅ ወተትም፣ የትምህርት ቤት ክፍያም አብሮሽ አይቆጥርም። ሠርጉን አራዝሚውና ተነጋገሩ። ግን ተስፋ አትቁረጪ፤ ሦስት ዓመት አብሮሽ የቆጠበ ሰው መቁጠር ያውቃል ማለት ነው።

ሌሎቻችሁም ቤት ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ኢታንግ፣ ብር ከመጥራታችሁ በፊት ሜትር ግዙ። ጥያቄ ያላችሁ የቤቱን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ጽፋችሁ ላኩልን፤ አብረን እንቆጥራለን። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!